መጀመሪያ ባዶውን

ባሻ ይገዙ ሰው መጠርጠር የጀመረው ሱቅ ከከፈተ ወዲህ ነው። ወታደር ሳለ የሚጠረጥረው ጠላትን ብቻ ነበር፤ ጠላት ደግሞ በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቱ አንድ ቀን እንኳ ገጥሞት አያውቅም። ዕድሜውን የፈጀው ግምጃ ቤት ውስጥ ብርድ ልብስና ጫማ ሲያስረክብ ነው። ጡረታ ወጥቶ ኮልፌ፣ ከአስፋልቱ ወደ ወንዙ በሚወርደው ኮረኮንች ላይ ሱቁን ሲከፍት ግን ሰው ሁሉ ሌላ መልክ ያዘበት። ክብሪት ልትገዛ የመጣች ሴት ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ትንሽ ከቆየ፣ «ምን ፈልጋ ነው?» ይላል። አንድ ቀን ሚስቱ አበበች «ሌባ እናት ልጇን አታምንም» ብላ ብትተርትበት፣ ሁለት ቀን ሙሉ አኩርፏታል።

ያኮረፈውም ያለ ነገር አልነበረም። ባሻ ስኳሩንም፣ ምስሩንም፣ ጨዉንም የሚጠቀልለው በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ነው። በዚያ በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ከተማው ውስጥ በየቦታው ፎቅ ይሠራ ስለነበር ባዶ ከረጢት እንደ ልብ ይገኛል። ሌላው ባለሱቅ በጋዜጣ ሲጠቀልል፣ እሱ ያንን ወፍራም ቡናማ ወረቀት በአራት አጥፎ ሚዛኑ ላይ ይዘረጋና በላዩ ስኳሩን ያፈስበታል። ወረቀቱ የሚቀመጠው ግድግዳው ከሚያልበው የጓሮ ጥግ ስለሆነ ርጥበት ጠጥቶ ይከብዳል። እንግዲህ ግማሽ ኪሎ ስኳር ብሎ ከሰጠው ውስጥ ሃምሳ ግራሙ ወረቀት ነው። ባሻ ይህን ስርቆት አይለውም። «ወረቀቱም ዕቃ ነው፤ ከሰማይ አልወረደልኝም» እያለ ራሱን ያጽናናል። ልማድ ክፉ ነውና፣ ለገዛ ቤቱ ሲመዝን እንኳ ወረቀቱን አያወርድም። አበበች ሻይዋን ያለ ስኳር ስትጠጣ ሲያያት፣ ጣፋጭ አትወድም ብሎ ካሰበ ሰባት ዓመት አልፎታል።

ከደንበኞቹ ሁሉ አብዝተው የሚያማርሩት ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት ወይዘሮ ወለተጻድቅ ነበሩ። እንግዳ የማይጠፋባቸው፣ አንደበታቸው የማይቻል ባልቴት ናቸው። ባለፈው ጥር መጥተው «ስኳሬ ሳምንት አልደርስ አለኝ፣ ይገዙ» ቢሉት፣ ባሻ ዓይኑን ሳያሽ «ሠራተኛዎን ይጠይቋታ» አላቸው። ጠየቋት። እሙ የምትባለው ሠራተኛ በማርያም ስም እየማለች አለቀሰች፤ አላመኗትም፤ ጨርቋን ጠቅልላ ወጣች። ባሻ በሱቁ መስኮት ስትሄድ አያት፤ ያን ቀን ምሳ አልበላም። በማግስቱ ግን ወረቀቱን እንደ ልማዱ በአራት አጠፈ።

ፋሪዳ የመጣችበት በግንቦት መጀመሪያ ላይ ነው። በበልግ መግቢያ ከታች፣ ወንዙ ዳር ያለውን ቤት ከባሏ ጋር የተከራየች፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ሴት ናት። ዘንቢሏን ባንኮኒው ላይ አሳረፈችና ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳዎች እያወጣች ደረደረች። በያንዳንዱ ጣሳ አንገት ላይ አንድ አንድ የወንዝ ድንጋይ በክር ታስሯል።

«እንደምን ዋሉ ባሻ። ሩብ ኪሎ ስኳር፣ ግማሽ ኪሎ ምስር ይስጡኝ። መጀመሪያ ግን ባዶውን ይመዝኑልኝ።»

«ምኑን ባዶ?»

«ጣሳውን። ድንጋዩ አቻው ነው። ስኳሩን ሲመዝኑ ድንጋዩን ከብረቱ ጋር ያስቀምጡታል፤ ልክ ይመጣል።»

ባሻ ድንጋዩን አገላብጦ አየው። በጎኑ በምስማር የተጫረ ምልክት አለበት። ጣሳውን በአንዱ ሳህን፣ ድንጋዩን በሌላው ቢያኖር፣ ሚዛኑ ትንሽ ተወዛውዞ እኩል ቆመ። እንዲህ ያለ ነገር ያየው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም መርማሪዎች የራሳቸውን መመዘኛ በቆዳ ቦርሳ ይዘው የግምጃ ቤቱን ሚዛን ሊፈትኑ የመጡ ጊዜ። ያን ጊዜ አለቃው ከሥራ ሲባረር በዓይኑ አይቷል።

«ወረቀት አልጠቅልልልሽም?» አላት፣ ድምፁን አለስልሶ።

«ኧረ ይቅርብኝ። ብስኩቱ መቼ የመጣ ነው?»

«ትኩስ ነው፤ ገና ትናንት…»

ፋሪዳ ፓኮውን ገልብጣ አየችና መልሳ አስቀመጠችው። ቲማቲሙን አንድ በአንድ ዳስሳ ሦስት መረጠች። «ኪሎ አድርጊው እንጂ፣ አስተያየት አደርግልሻለሁ» ቢላት፣ «ለሦስት ቀን ሦስት ይበቃኛል፤ የተረፈው በስብሶ ሊጣል ነው» አለችው። ከዚያ ጣሳዎቿን ከድና፣ ድንጋዮቿን እንዳይጋጩ ለያይታ፣ ወደ ታች ወረደች።

ከሱቁ ጎን የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚውለው አቶ ዱባለ አንገቱን ብቅ አደረገ። ዱባለ ልብስ ሲሰፋ ያረፍዳል፤ ወሬ ሲሰፋ ግን አንድም ቀን አርፍዶ አያውቅም።

«ማናት እሷ?» አለው ባሻ።

«የረሻድ ሚስት ናት። ሰውዬው በየጠዋቱ የቆዳ ቦርሳ አንጠልጥሎ ፌርማታው ላይ ይቆማል። ባለፈው ሰኞ ደግሞ ማዘጋጃ ቤት ሲገባ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ቢገባስ?»

«ሚዛን የሚመረምሩት እነሱ አይደሉ? ታዲያማ ሩብ ስኳርና ሦስት ቲማቲም ለቤት የሚሆን ነው? ናሙና ነው እንጂ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ባሻ።»

ለባሻ ይህን መምከር ለዓሣ ዋና ማስተማር ነበር።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ፍርሃቱን ይችለው ነበር። አሁን ግን የእድሩ ዳኛ በፋሲካ ማግስት አርፈው ወንበሩ ባዶ ሆኗል። ከሰኔ ሚካኤል ቀጥሎ ባለው እሑድ አዲስ ዳኛ ይመረጣል፤ የሽማግሌዎቹም አፍ «ባሻ ይገዙ» ማለት ጀምሯል። ያንን ወንበር ምን ያህል እንደሚመኘው የሚያውቁት እሱና ትራሱ ብቻ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «አቤት ጌታዬ» ሲል የኖረ ሰው ነው። ሁለት ሰው ተጣልቶ «አንተ ፍረደን» ብሎት አያውቅም። ልጅም የለው፤ ስሙን የሚያስጠራለት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነበር። ሚዛኑ ከተያዘና ሱቁ ላይ ማኅተም ከተለጠፈ ግን እንኳን ለዳኝነት ለድንኳን ተካይነትም ማን ይመርጠዋል?

ከዚያ ወዲህ ዓይኑ ከፋሪዳ ላይ አልተነቀለም። ማክሰኞና ቅዳሜ ትመጣለች። ሁልጊዜ ጥቂት ጥቂት ትገዛለች፤ ሁልጊዜ ባዶውን ታስመዝናለች። ሳሙና ስትገዛ መጠቅለያውን እዚያው ልጣ «ይህን መልሰው ይጠቀሙበት» ብላ ትተዋለች። አንድ ቀን የጓዳዋን ሽንኩርት ሳትጨርስ ሌላ እንደማትገዛ ነግራው ከወጣች በኋላ ከሱቁ ፊት ያለው ቦይ ዳር ቆመች። ጎንበስ አለችና በእንጨት እየጫረች አንድ ነገር ጎትታ አወጣች። ባሻ በመስኮቱ ፍርግርግ አሻግሮ ሲያይ የገዛ ቡናማ ወረቀቱ ነው። ውሃውን አራግፋ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተችው። ሁለተኛም ደገመች።

«ማስረጃ ሰበሰበች!» አለ ባሻ። የጤፍ ከረጢት ላይ ቁጭ አለ።

ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ጠዋት አንድ ዘዴ አመጣ። ጉቦ በእጅ ቢሰጥ ያስይዛል። ሚዛኑ ራሱ ቢሰጣትስ? ሚዛን አፍ የለው፣ ምስክር አይሆን። ስለዚህ በሚቀጥለው ማክሰኞ ግማሽ ኪሎ ምስር ስትለው፣ ሳህኑ ባንኮኒውን ጠቅ እስኪያደርግ አፈሰሰላት። ፋሪዳ ሳህኑን አየች፤ ባሻን አየች፤ ባሻ ጣራ ጣራ አየ። ጣሳዋን ከድና ሄደች። ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ። በተከታዩ ሳምንት ማክሰኞም ስኳሩን ቆልሎ ሰጣት፣ እሱንም ይዛ ሄደች።

«በላች!» አለ ባሻ በልቡ፣ ደስታና ንቀት እየተቀላቀለበት። «ጉቦ የማይወድ ሹም ከየት ይመጣል?»

አበበች ግን ከጓዳው በር ላይ ሆና አይታዋለች። «ለዚያች ሴት ለምንድነው እንዲህ የምታፈስላት?»

«እንግዳ አይደለች? ሰፈሩን ትልመደው ብዬ ነው።»

«ለእንግዳ የሚተርፈው ሚዛን ለቤትህ ለምን ይጎድላል ታዲያ?»

«አንቺም ጀመርሽ ደግሞ!» ብሎ ጮኸባት። አበበች ጥቂት አየችውና ነጠላዋን አስተካክላ ገባች።

ቅዳሜ፣ የምርጫው ዋዜማ፣ ሱቁ በሰው ተጨናንቆ ነበር። ጠዋት የጣለው ዝናብ ቦዩን ሞልቶት ቡናማው ውሃ ደጃፉን እየነካ ይወርዳል። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ግማሽ ኪሎ ስኳራቸውን በወረቀት ተቀብለው ወሬ ይዘዋል፤ ዱባለ በሩን ተደግፏል፤ ሌሎችም አምስት ስድስት ሴቶች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ባሻ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ለሁሉም ፈገግ ይላል። በዚህ መሐል ፋሪዳ ገባች፤ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነች። ሁለት ጣሳ አወጣችና ባንኮኒው ላይ አኖረች። አንደኛው ምስር፣ አንደኛው ስኳር ይዟል።

«ባሻ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ቀደም ብዬ ልነግርዎት ነበር፣ ግን እርግጠኛ እስክሆን ብዬ ነው። ሚዛንዎ ታሟል። ለሦስት ቀን ብዬ የገዛሁት ምስር አምስት ቀን በላን። መጀመሪያ የእኔ ዓይን ነው ብዬ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ግን ትርፉን ለይቼ አስቀመጥኩት። የሰው ሐቅ እቤቴ አይደር። ይኸው።»

ባሻ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጉቦው በምስክር ፊት ተመለሰ። መታሰሩ ነው። ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። በሹክሹክታ የተናገረ መስሎት ነበር፣ ነገር ግን የፈራ ሰው ሹክሹክታ ከጩኸት ይብሳል።

«እመቤቴ፣ በጓዳ እንነጋገር፤ ከማዘጋጃ ቤት እንደተላክሽ አውቃለሁ። ሚዛኑን አስተካክላለሁ፣ ነገ ብቻ ይለፍልኝ።»

«ማን? እኔ?» ፋሪዳ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «እኔን ማን ይልከኛል?»

«ባልሽ ቦርሳ ይዞ…»

«ባሌ መርካቶ ሰዓት ሠሪ ነው። ቦርሳው ውስጥ መፍቻና ወረንጦ ነው ያለው።»

«ማዘጋጃ ቤት ሲገባስ?» አለ ዱባለ ከበሩ፣ ወሬው ከእጁ ሊወጣበት ሲል።

«የገባውማ አቤት ሊል ነው፣ ስለዚህ ቦይ!» አለች ፋሪዳ፣ ጭቃ የለበሰ እግሯን እያሳየች። «ቤታችን ከታች ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር የላይ ሰፈር ጥራጊ ደጃችን ይቆማል። ከሁሉ የሚበዛው ይኸው ቡናማ ወረቀት ነው፤ ቦዩን ይደፍነዋል፣ ውሃው ወደ እኛ ይገባል። የበልጉ ጎርፍ ፍራሻችንን ይዞብን ሄደ። ከላይ የሚጥለውን ሰው ሁሉ መከልከል አልችልም። የራሴን ጥዬ፣ ተመልሶ ሲመጣ ራሴው ልጠርገው ነው ወይ ብዬ ጣሳ ያዝኩ። የሚጣል ነገር ላለመግዛት ነው እንጂ እኔ ማንን መረመርኩ?» ከዚያ ቆም ብላ ባሻን አየችው። «ይልቅ… ስለፈሩኝ ነው የጨመሩልኝ?»

በባሻ ፈንታ የመለሱት ወይዘሮ ወለተጻድቅ ናቸው፤ ድምፃቸውም እንደ ወትሮው አልጮኸም።

«እሷን ስለፈራህ ለእሷ ጨመርህ። እኔን ስላልፈራህስ፣ ይገዙ?»

«ኧረ እማማ፣ ምን ማለትዎ ነው…»

«አንድ ጣሳሽን አውሺኝ፣ ልጄ።»

ፋሪዳ ከዘንቢሏ ሦስተኛ፣ ባዶ ጣሳ ከነድንጋዩ አውጥታ ሰጠቻቸው። ወይዘሮ ወለተጻድቅ የስኳራቸውን ጥቅል ፈትተው ጣሳው ውስጥ ገለበጡት። ጣሳውን በአንዱ ሳህን፣ ድንጋዩንና የግማሽ ኪሎውን ብረት በሌላው አኖሩ። የብረቱ ሳህን ወደ ታች ወረደ፤ ስኳሩ ወደ ላይ ተንጠለጠለ። ሴቶቹ ተጠጉ። ባልቴቷ ባዶውን ወረቀት በአራት አጠፉትና ጣሳው አናት ላይ አስቀመጡት። ሚዛኑ ቀስ ብሎ ወረደና እኩል ቆመ።

«ወረቀቱም ዕቃ ነው…» አለ ባሻ።

«እንግዲያው አፍልቼ ልጠጣዋ!» አሉ ወይዘሮ ወለተጻድቅ። አንዲት ሴት ሳቀች፣ ግን ሳቁ አልዘለቀም፤ ባልቴቷ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ነበርና። «እሙ በእመብርሃን ስም ማለችልኝ» አሉ። «አላመንኳትም። በልታ ያላደገች ሌባ ብዬ በሰው ፊት ሰደብኳት። አንተ እያወቅህ 'ሠራተኛዎን ይጠይቋት' አልከኝ። እያወቅህ!»

ባሻ ባንኮኒውን ይዞ ቆመ። ሴቶቹ የያዙትን ዕቃ እያስቀመጡ አንድ በአንድ ወጡ፤ መጨረሻ ላይ የቀረችው ፋሪዳ ትርፉን ምስርና ስኳር ወደ ከረጢቶቹ መልሳ ገልብጣ፣ ጣሳዎቿን ሰብስባ፣ «አዝናለሁ ባሻ» ብላ ሄደች። ከሁሉም የጎዳው የእሷ ማዘን ነበር። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

እሑድ እድርተኛው ተሰበሰበ። ስለ ወረቀት ያነሳ ሰው የለም። ሰብሳቢው ለዳኝነት ከሽማግሌዎቹ የአንዱን፣ የሐጂ ሽኩርን ስም ጠራ፤ ሁሉም እጁን አወጣ። ባሻም አወጣ። ወይዘሮ ወለተጻድቅ በስብሰባው ላይ አልነበሩም፤ እሙ አስኮ ሰፈር፣ አክስቷ ዘንድ ናት ሲባል ሰምተው በጠዋት ሄደው ነበር። አክስቷ ግን «በሌብነት የተባረረችን ማን ይቀጥራል ብላ አገሯ ከገባች ቆየች» ብላ ከደጅ መለሰቻቸው።

ሰኞ ባሻ ሱቁን ሲከፍት ደንበኛ ይመጣል ብሎ አላሰበም ነበር። መጡ። ሁሉም ግን ጣሳ ይዘዋል። የወተት ጣሳ፣ የሳልሳ ጣሳ፣ ክዳኑ የዛገ የከረሜላ ጣሳ፤ ያጣችም የሻይ ማንቆርቆሪያዋን አምጥታለች። በየጣሳው ላይ ከወንዙ የተለቀመ ድንጋይ በክር ታስሯል። ዱባለ እንኳ፣ ያ ሁሉ ወሬ ከሱ እንዳልወጣ ሁሉ፣ አንድ ጣሳ በብብቱ ይዞ ከሴቶቹ ኋላ ተሰልፏል። ሁሉም ተራው ሲደርስ ያንኑ አንድ ቃል ይላል፤ «መጀመሪያ ባዶውን።» ባሻ ባዶውን እየመዘነ እስከ እኩለ ቀን ቆመ። ቡናማው ወረቀት ከጓሮው ጥግ አልወጣም።

ሰዉ ሲያልቅ አንገቱን ቀና ቢያደርግ አንዲት ሴት ቀርታለች። ከጓዳው በር ሳይሆን እንደ ማንኛውም ደንበኛ በፊት ለፊት በኩል ነው የገባችው። አበበች ናት። አንድ አሮጌ ጣሳ ባንኮኒው ላይ አኖረች፤ ድንጋዩ ከቀሚሷ ጠርዝ በተቀደደ ጨርቅ ታስሯል።

«አንቺም?» አለ ባሻ።

«እኔም።» አበበች አልተቆጣችም። «ሰባት ዓመት ስኳሩ ባልደረሰ ቁጥር የማባክነው እኔ ነኝ እል ነበር። ለአንተ እንዲበቃህ ብዬ ሻዬን ያለ ስኳር ለመድኩት። ዛሬ በስኳር መጠጣት አሰኝቶኛል። ግማሽ ኪሎ ስጠኝ።»

ባሻ ወደ ስኳሩ ከረጢት ዞረ።

«መጀመሪያ ባዶውን» አለችው።

ጣሳውን በአንዱ ሳህን፣ ድንጋዩን በሌላው አስቀመጠ። ሚዛኑ እኩል እስኪቆም ጊዜ ወሰደ፤ ሁለቱም ጠበቁ።